የማሳደጊያ ካሳ፦ ድሬዳዋ ካሳደገቻቸው ልጆች ምን ይገባታል?

«ትሬኒንግ ኮምፐንሴሽን» የሚባለውን የእግር ኳስ ሕግ ቃል በአማርኛ «የማሳደጊያ ካሳ» ብንለው ያስኬዳል። አንድን ልጅ ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ ያሠለጠነ ክለብ፣ ልጁ ሌላ አገር ሄዶ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም፣ ወይም 23 ዓመት የሚሞላበት ዓመት እስኪያልቅ ድረስ ከአገር ወደ አገር ክለብ ሲቀይር፣ ከወሰደው ክለብ የሚጠይቀው ክፍያ ነው። ፊፋ ይህን የደነገገው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። «ወሮታ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ወሮታ ግን በሰጪው ፈቃድ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ካሳ ደግሞ ተከራክረው የሚያስከፍሉት መብት። «ሶሊዳሪቲ» የሚባለውን ደግሞ «የአሳዳጊዎች ድርሻ» እንበለው፤ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ለያዙት ክለቦች ይከፋፈላል።

ነገሩ ለድሬዳዋ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮንነት ለአራት ተከታታይ ዓመታት ከዚህች ከተማ አልወጣም፤ ሦስቱን ጥጥ ማኅበር፣ አንዱን ኢትዮ ሲሚንቶ ወሰዱ። ጥጥ ማኅበር በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና እስከ ግማሽ ፍጻሜ ዘልቋል። የ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሲመጣም ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት ድሬዳዋ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው ድሬዳዋ ከተማ ግን የሊጉን ዋንጫ አላነሳም። ምክንያቱ የልጅ እጥረት ነው የሚል ሰው ካለ፣ ፀሐይ በረድ ስትል ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ገንደ ቆሬ ሜዳ ወጣ ይበል። ድንጋይ ጎል ሆኖ፣ ኳሷ በመዋጮ ተገዝታ፣ አሠልጣኙ ያለ ደመወዝ አቧራው ውስጥ ቆሞ ያገኛቸዋል። የጎደለው ልጁ አይደለም። ልጁን ለሚያሳድገው ተመልሶ የሚመጣ ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ ክለቡ አሳድጎ ከመጠበቅ ይልቅ በየዝውውር መስኮቱ ያለቀለትን ተጫዋች ማስፈረም ይቀለዋል፤ ውሉ ሲያልቅ ደግሞ ተጫዋቹም ብሩም የሉም።

የጥንቱ ጥጥ ማኅበርም ቢሆን ከውጭ አስመጥቷል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአምበልነት ያነሳው የክለቡ ተጫዋች ሉቺያኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ነበር። ነገር ግን ያ ክለብ ከኋላው ፋብሪካ ነበረው። ዛሬ ከመንግሥት በጀት የሚኖር ክለብ ያንኑ መንገድ ቢከተል፣ ከእሱ የበለጠ በጀት ያለው ሁሉ ይቀድመዋል።

ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ ሌላ ነው፤ ካሳው የደሃ ልጅን እግር ያስራል፣ ካሳ ያለበትን ልጅ ማንም አያስፈርምም የሚለው። ይህን ስጋት አቅልዬ አላየውም። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 በተጫዋቹ ኦሊቪየር በርናር ጉዳይ መርምሮታል። በርናር ያሳደገውን የፈረንሳዩን ሊዮን ትቶ ለኒውካስል በመፈረሙ ነበር የተከሰሰው። ፍርድ ቤቱ አሳዳጊን መካስ ተገቢ ዓላማ ነው አለ፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ከትክክለኛው የማሠልጠኛ ወጪ ጋር መያያዝ አለበት ሲል የፈረንሳዩን አሠራር አልተቀበለውም። መልሱ እዚያው ውስጥ አለ፦ መጠኑ በኛ አገር ወጪ ልክ ይወሰን፣ ጣሪያ ይኑረው፣ ዕዳውም የክለቡ እንጂ የልጁ አይሁን።

«ስንት ልጅ ነው ውጭ የሚሸጠው?» ለሚለውም ስሌቱን እንይ። ከ12 እስከ 18 ዓመቱ ድሬዳዋ ያደገ ልጅ በ100,000 ዶላር ከአንድ ውጭ አገር ክለብ ወደ ሌላው ቢዛወር፣ የአሳዳጊዎች ድርሻ ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት 1 በመቶ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት 1.5 በመቶ፣ በድምሩ 2,500 ዶላር ይሆናል። ለታዳጊ ፕሮጀክት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቢሆንም ዋናው ጉዳይ የአገር ውስጡ ዝውውር ነው፤ የፊፋ ደንብም ፌዴሬሽኖች ታዳጊ የሚያሠለጥኑ ክለቦችን የሚሸልም የራሳቸው ሥርዓት እንዲኖራቸው ይላል። አዲስ አበባ ላይ የሚፈርም የድሬ ልጅ ላሳደገው ቡድን አንድ ነገር ትቶ መሄድ ያለበት በዚህ በኩል ነው።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያው ቴሴራ፣ ማለትም የተጫዋችነት መመዝገቢያ ካርዱ ነው። ሕጉ የሚያውቀው የተመዘገበን ክለብና የተመዘገበን ተጫዋች ብቻ ነው፤ የሰፈር አሠልጣኝ ስድስት ዓመት ቢለፋ ቡድኑ መዝገብ ላይ ከሌለ የሚጠይቀው የለውም። የከተማው ፌዴሬሽን የሰፈር ቡድኖችን በአባልነት ይዞ፣ የ12 ዓመቱን ልጅ በልደት ምስክር ወረቀቱ ቢመዘግብ፣ ካሳ የሚጠየቅበት ማስረጃ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይጠራቀማል።