የአንደኛ ዓመት ሴሚናር

የአንደኛ ዓመት ሴሚናር በተለይ በአሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች አዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚወስዱት የውይይት ኮርስ ነው። ጥቂት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ባነበቡት ጽሑፍ ላይ ይከራከራሉ። ኮርሱ የአንድ ሙያ መግቢያ አይደለም። ዋና ዓላማው ተማሪው በጥንቃቄ ማንበብን፣ በማስረጃ መከራከርንና ረቂቁን ደጋግሞ እያረመ መጻፍን እንዲለምድ ነው።

አሠራር

በአብዛኞቹ ኮሌጆች መምህሩ የሚያስተምረውን ርዕስ ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ የፊዚክስ መምህር ስለ ጊዜ ምንነት፣ የታሪክ መምህር ስለ ወረርሽኝ ሴሚናር ሊያዘጋጅ ይችላል። ተማሪው ከቀረቡለት ርዕሶች የወደዳቸውን በቅደም ተከተል ያስመዘግብና ወደ አንዱ ይመደባል። የተማሪዎች ቁጥር ሆን ተብሎ ይገደባል፤ ለምሳሌ በስዋርዝሞር ኮሌጅ ጣሪያው 12 ነው። በዚህ መጠን ክፍል ውስጥ ሳያነቡ መጥቶ ከኋላ መደበቅ አይቻልም።

በግሪኔልና በአምኸርስት ኮሌጆች ሁሉም ተማሪ የመውሰድ ግዴታ ያለበት ኮርስ ይህ ብቻ ነው፤ የቀረውን ተማሪው ከአማካሪው ጋር ተመካክሮ ይመርጣል። በግሪኔል አማካሪው ራሱ የሴሚናሩ መምህር ሲሆን፣ ተማሪው ዋና የትምህርት ዘርፉን እስኪወስን ድረስ አብሮት ይቆያል። ምክሩ የሚመጣው ጽሑፉን ከሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው።

ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ለየት ያለ መንገድ ይከተላል። በ1937 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ሥርዓት ወዲህ የርዕስ ምርጫ የለም፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የግሪክ ደራስያንን ያነባል፣ መጀመሪያውም የሆሜር ኢሊያድ ነው። ውይይቱ በመምህር ገለጻ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ይከፈታል።

ታሪክ

በኦሪገን ግዛት የሚገኘው ሪድ ኮሌጅ በ1911 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ተማሪዎች የሰጠው ኮርስ፣ ክሬዲት ካላቸው የዚህ ዓይነት ኮርሶች የመጀመሪያው እንደሆነ በብዛት ይጠቀሳል። ሃርቫርድ የራሱን የአንደኛ ዓመት ሴሚናሮች የጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1970 የተማሪዎች ተቃውሞ ካናወጠው በኋላ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. «ዩኒቨርሲቲ 101» የተባለውን ኮርስ ከፈተ። ይህ ኮርስ ከንባብ ክርክር ይልቅ ተማሪውን ከተቋሙ ጋር ማላመድ ላይ ያተኩራል፤ ጊዜን ስለመጠቀም፣ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ጤና ያስተምራል። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ስለ ጥቅማቸው የሚወጡ ጥናቶችን ሲያነቡ የትኛው እንደተለካ መለየት ያሻል።

የሪድ ኮሌጅ ክርክር

አዲስ ተማሪ ምን ማንበብ አለበት የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የወጣው በሪድ ኮሌጅ ነው። «ሂዩማኒቲስ 110» የተባለው ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ የግዴታ ኮርስ ለረጅም ጊዜ በጥንታዊው የሜድትራኒያን ዓለም፣ በተለይም በግሪክና በሮም ላይ የተመሠረተ ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች የጥቁሮችና የሌሎች ሕዝቦች ጽሑፎች ቦታ አላገኙም በማለት ጽሑፍ የያዙ ካርቶኖች ይዘው ገለጻው በሚሰጥበት አዳራሽ ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። በ2017 የመጀመሪያው ገለጻ በተቃውሞው ምክንያት ተሰረዘ። አንዳንድ መምህራንና ተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚደረገው ተቃውሞ ማስተማርንና መማርን እንደሚያውክ ተናገሩ። መምህራኑ ኮርሱን ከልሰው ከ2018 ጀምሮ የሜድትራኒያኑን ክፍል ሳያስቀሩ ሜክሲኮ ሲቲንና የኒው ዮርኩን ሀርለም ጨመሩበት። ክርክሩ ግን የዝርዝር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ማንበቡ የጋራ ቋንቋ ይሰጣል፣ ያንኑ ያህል ግን የተተወውን ሁሉ ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል።

ወጪ

ሴሚናሩ ውድ ነው። አንድ መምህር በ12 ተማሪዎች ላይ ሲመደብ ትምህርት ክፍሉ ሌላ ኮርስ ማጠፍ ወይም ተጨማሪ መምህር መቅጠር ይኖርበታል። ትልልቅ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ የማላመጃውን ዓይነት የሚመርጡትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2012 ዓ.ም. እንደገና የተጀመረው የፍሬሽማን ፕሮግራም ከዚህ ሴሚናር ጋር መምታታት የለበትም። ሎጂክንና ሂሳዊ አስተሳሰብን የመሳሰሉ ኮርሶች ቢኖሩትም፣ ኮርሶቹ በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጁና ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ናቸው፤ ርዕሱን መምህሩ አይመርጥም።