ባሩድ ሲቀየር የቀለህ አፍ ምን ሆነ?

ውጅግራን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንድ ጥይት ተኩሰህ፣ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ ታጎርሳለህ። አሜሪካኖቹ ግን በዚያው ዘመን በዊንቸስተር ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ከበርሜሉ ስር ባለ ቱቦ ጥይቶች አንዱ ከአንዱ ኋላ ይደረደራሉ። ከምላጩ ስር ያለችውን እጀታ ወደ ታች ገፋ መለስ ስታደርጋት ቀጣዩ ይጎርሳል።

እ.ኤ.አ. የ1866ቱ ዊንቸስተር ቀለህ አንዴ ከተተኮሰ አይሞላም ነበር። የ1873ቱ ግን ይሞላል። ስለዚህ ከከተማ የራቀ ሰው እርሳስ አቅልጦ፣ ባሩድ ሰፍሮ ጥይቱን እቤቱ መሥራት ቻለ። ጥቁሩ ባሩድ ቀለሁን ጢም አድርጎ ስለሚሞላው እርሳሱ ከስር ተደግፎ ይቀመጣል።

ጣጣው የመጣው ከጭስ አልባው ባሩድ ጋር ነው። ዊንቸስተር በ1895 .30-30 የሚባለውን ጥይት በዚህ ባሩድ አወጣ። አዲሱ ባሩድ ጉልበቱ ትልቅ፣ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ይተዋል። እንግዲህ አስቡት፦ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል፣ ቱቦው ውስጥ ያሉት ጥይቶች ይጋጫሉ፣ ስፕሪንጉም ይገፋቸዋል። በደንብ ያልተያዘ እርሳስ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል። ሰምጦ ከተተኮሰ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ተኳሹ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። በጥቁር ባሩድ የለመደ እጅ ይህን ከየት ያውቃል?

መላው እርሳሱ ወገብ ላይ ቦይ አውጥቶ የቀለሁን አፍ ወደ ቦዩ ማጠፍ ነው፤ ክሪምፕ ይሉታል። እጥፋቱ ካነሰ አይዝም። ከበዛ ደግሞ ቀለሁ ትከሻው ላይ ይጨማደድና ጥይቱ አልገባም ይላል። (ቀለሆቹ ቁመታቸው እኩል ካልሆነማ አንዱ ላልቶ ሌላው ይጠብቃል።)

የእርሳሱ አፍንጫ ደፍጠጥ ያለውም ያለምክንያት አይደለም፤ ሹል ቢሆን ከፊቱ ያለውን ጥይት ከኋላው ወግቶ እዚያው ቱቦ ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል።