ምስል አንባቢው ፕሮግራምና የባይቱ ምንጭ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1991 «ኢንዲፔንደንት ጄፔግ ግሩፕ» የተባለው ቡድን በቶም ሌን መሪነት የጄፔግን ምስል የሚያነብና የሚጽፍ የሲ ቋንቋ ሶፍትዌር ለማንም ሰው በነጻ አበረከተ። በዚያን ዘመን የብዙው ፕሮግራም ጸሐፊ ግምት አንድ ነበር፤ ይኸውም ምስል ማለት በዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው፣ አንባቢውም ፋይሉን ከፍቶ እስከ መጨረሻው ይጠጣዋል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ ከዳታቤዝ፣ ከሌላ ፋይል ሆድ ውስጥ ወይም በስልክ መስመር እየተንጠባጠበ መምጣት በጀመረ ጊዜ ይህ ግምት አላዋጣም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አምስተኛው እትም ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። ላይብረሪው ባይቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቁን ተወ። በምትኩ ተጠቃሚው ራሱ ጽፎ የሚያስረክባቸውን አምስት ፋንክሽኖች ተቀበለ፤ አንዱ ምንጩን ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ጎተራውን ይሞላል፣ ሦስተኛው የማይፈለገውን ባይት ይዘላል፣ አራተኛው ከስሕተት በኋላ መንገዱን ይፈልጋል፣ አምስተኛው ሥራውን ይዘጋል። የጥበቡ እምብርት ግን ሁለተኛው ነው። ጎተራው ባዶ ሲሆን ይህ ፋንክሽን «ገና አልደረሰም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ላይብረሪው ያን ጊዜ ያለበትን ይዞ ይቆማል፣ ባይቱ ሲደርስ ካቆመበት ይቀጥላል። ከፋይል የሚያነበው የላይብረሪው የራሱ ፋንክሽን ደግሞ ፋይሉ በመካከል ቢቋረጥ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ 255 እና 217 የተባሉትን የመዝጊያ ባይቶች ከራሱ ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ ግማሹ የጠፋ ፎቶግራፍ ግማሹ ይታያል። ይህ ማታለል ነው ቢባልም ለተጠቃሚው የሚጠቅም ማታለል ነው።

የፒኤንጂ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ዩኒሲስና ኮምፒዩሰርቭ በጂፍ ምስል ላይ ስለሚጠየቀው የፓተንት ክፍያ ባስታወቁ በቀናት ውስጥ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1995፣ ቶማስ ቡቴል የአዲሱን ቅርጽ የመጀመሪያ ረቂቅ አቀረበ። ሊብፒኤንጂ የተባለውን ላይብረሪ ጋይ ኤሪክ ሻልናት በዚያው ዓመት ጻፈው። በዚህ ላይብረሪ የተጠቃሚው የማንበቢያ ፋንክሽን አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚደርሰውም ትእዛዝ «ይህን ያህል ባይት እዚህ ላይ አስቀምጥ» የሚል ነው።

የዚህ ቀላልነት ጥቅም በዊንዶውስ ላይ ጎልቶ ታየ። ላይብረሪው በአንድ የሲ ራንታይም፣ ፕሮግራሙ በሌላ ራንታይም ከተሠሩ፣ አንዱ የከፈተውን ፋይል ሌላው ሊያነበው ስለማይችል ፕሮግራሙ ድንገት ይወድቃል። የማንበቡ ሥራ በፕሮግራሙ በራሱ ፋንክሽን ሲከናወን ግን ሁለቱ የሚጋጩበት ምክንያት አይኖርም።

ጉዳቱ ግን ከዚያው ቀላልነት ይመነጫል። ፋንክሽኑ የሚመልሰው ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ «የተጠየቀውን ያህል የለኝም» የሚልበት አፍ የለውም። ያለው መውጫ የላይብረሪውን የስሕተት ፋንክሽን ጠርቶ ንባቡን ማቋረጥ ብቻ ነው። ከሜሞሪ የሚቀዳ ፋንክሽን ሲጻፍ የቀረውን መጠን ከተጠየቀው ጋር ማነጻጸር ከተዘነጋ፣ ሆን ተብሎ የተቆረጠ ምስል ፕሮግራሙን ከምስሉ ወሰን አሳልፎ የጎረቤት ሜሞሪ ያስነብበዋል። በጤናማ ምስል ሲፈተን ይህ ጉድለት ከቶ አይታይም፤ የሚገለጠው ክፉ ሰው ሲደርስበት ነው።

ከሜሞሪ ማንበብን ያህል ተራ ጉዳይ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው እንዲጽፈው መተዉ ሊነቀፍ ይገባል። የጄፔጉ ላይብረሪ ዝግጁ የሜሞሪ ምንጭ ያቀረበው በስምንተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሊብፒኤንጂም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 1.6 እትም ከሜሞሪ የሚያነብ ቀለል ያለ መንገድ ጨመረ፤ በዚህኛው መንገድ የቀረውን መጠን የሚቆጣጠረው ላይብረሪው ራሱ ነው። አሮጌው ፋንክሽን ግን ልዩ ምንጭ ላላቸው ሁሉ እንደ ቀድሞው በቦታው ቀርቷል።