«አለ? የለም?»

ዶክተሯ ከአማርኛ የምታውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «አለ?» እና «የለም?»። ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት ለክታ መርፌዋን ትሰካለች። ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል እያሾረች የታማሚውን ፊት ታያለች። መርፌውን አታይም።

«አለ?»

«አለ እንጂ!» አሉ አልጋው ላይ የተጋደሙት እማማ፣ ነጠላቸውን ጭብጥ አድርገው። «ወይ ጉድ! ጉንዳን ነው ልጄ፤ ከጉልበቴ ተነስቶ እግሬ ጀርባ ላይ ወረደ።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። የእኔ እንጀራ ያቺን ጉንዳን ወደ ቻይንኛ ማሻገር ነበር።

ቻይና ተምሬ እንደተመለስኩ ሁለት ዓመት ከሐኪሞቻቸው ጋር በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። የቻይና የሕክምና ቡድን ወደ አገራችን መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሐኪሞቹ ከሄናን ክፍለ ሀገር እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ቀዶ ጠጋኙም፣ የማህፀን ሐኪሙም አብሮ ይመጣል፤ ወረፋ የያዘው ሰው የሚያወራው ግን ስለ መርፌዋ ነው። «መድኃኒት እኮ የለውም፣ ባዶ መርፌ ነው» እየተባባሉ ይገረማሉ።

የበሽታ ስም መተርጎም ቀላል ነው፤ ስኳር የትም ስኳር ነው። የሚያስቸግረው መርፌው ከገባ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ቻይናዎች «ደ ቺ» ይሉታል፤ «ቺ»ን ማግኘት ማለት ነው። «ቺ» በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚሉት ኃይል ሲሆን፣ መድረሱን የሚገልጹባቸው አራት የታወቁ ቃላት አሏቸው። «ማ» መደንዘዝ ነው፤ «ጆንግ» መክበድ፤ «ጃንግ» መወጠር፣ ከልክ በላይ እንደተነፋ ኳስ። ሦስቱ አላስቸገሩኝም። አራተኛው «ስዋን» ነው። ትርጉሙ ኮምጣጣ!

መጀመሪያ ሰሞን አንድ አናጢ «ክንድዎ ኮመጠጠ?» ብላቸው «እኔ ሎሚ ነኝ?» ብለው ሳቁብኝ። ቻይናዎች ግን ሩቅ መንገድ የሄደ እግርም፣ ሸክም የዋለበት ትከሻም ኮመጠጠ ነው የሚሉት። ከወራት በኋላ እናቴ እቤት ሎሚ መጠው «ኧረ ጥርሴ ጠረሰ» ሲሉ ሰማሁና ቃሌን አገኘሁ። ኮምጣጣነቱ ምላስ ላይ ቀርቶ አጥንት ውስጥ ሲገባ፣ ለካ እኛም ስም ሰጥተነዋል። ከዚያ ወዲያ «እንደ ጥርስ መጥረስ ያለ ነገር ይሰማዎታል?» ስል ሰዉ ወዲያው ይገባው ጀመር።

ደብተርም ያዝኩ። የሚበዛው «ነዘረኝ» ነበር። «ሞቅ ብሎ ወደ ታች ፈሰሰ» ያሉ አሉ። ጡረታ የወጡ ሹፌር «ባትሪ የነካሁ መሰለኝ» አሉ። አንዲት ተማሪ ደግሞ «ጡንቻዬ ውስጥ ስልክ ተደወለ» አለችኝ፤ ድምፁ የጠፋ፣ የሚንቀጠቀጠውን ማለቷ ነው። ምንም ሳያማቸው እንባቸው የሚፈስም ነበሩ፤ ለእነሱ ቃል አልፈለግኩም፣ ዶክተሯም አልጠየቀችኝም።

ዶክተሯ ሻይ ስትጠጣ የኋላውን ማንሳት ትወድ ነበር። በቢጫው ንጉሠ ነገሥት ስም የሚጠራው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው መጽሐፋቸው ገና ያኔ የሕክምናውን መሥራት ከ«ቺ» መድረስ ጋር ያያይዘዋል። በ1968 ደግሞ በሄቤይ ክፍለ ሀገር በማንቸንግ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ113 የሞተው የልዑል ሊዩ ሸንግ መቃብር ሲከፈት 4 የወርቅና 5 የብር መርፌዎች ተገኝተዋል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በድሮዎቹ ጽሑፎች የ«ቺ»ን መድረስ በመጀመሪያ የሚያውቀው የሐኪሙ እጅ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ዶው ሃንቺንግ ነገሩን ዓሣ መንጠቆ ሲውጥ ከሚፈጠረው መንቀጥቀጥ ጋር አመሳስሎታል፤ ዓሣ አጥማጁ ሐኪሙ ነው። «ምን ተሰማህ?» የሚለው ጥያቄ ይህን ያህል ቦታ የያዘው እየቆየ ነው። እኔ ጣና አጠገብ ተወልጄ ዓሣ አጥምጄ ስለማላውቅ ምሳሌውን ስትነግረኝ ለታማሚው ምን ብዬ እንደማቀብል ጨነቀኝ፤ «ይዞታል ትላለች» ብዬ አለፍኩት።

ከዶው ሃንቺንግ በፊት፣ በ1027 ግድም፣ ዋንግ ዌይዪ የተባለ የቤተ መንግሥት ሐኪም ለተማሪዎች መለማመጃ ከነሐስ የሰው ምስል አሠርቶ ነበር። ሰውነቱ መርፌ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ለፈተና ውስጡ ፈሳሽ ተሞልቶ ላዩ በሰም ይለበጥ እንደነበር ይነገራል። ተማሪው ቦታውን ካገኘ ፈሳሹ ይወጣል፤ ከሳተ መርፌው አይገባም። ያን ነሐስ ሳስብ እቀናለሁ። አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ጃፓኖች ሌላ መንገድ ያዙ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሱጊያማ ዋይቺ ዓይነ ስውር ነበር፤ መርፌን በቀጭን ቱቦ ውስጥ አሳልፎ፣ አናቱን መታ አድርጎ የማስገባቱ ዘዴ በስሙ ይጠራል። ቆዳ ሲበሳ የሚሰማው ሕመም በዚህ ቀነሰ። ውስጥ የሚመጣውን ስሜት እነሱ «ሂቢኪ» ይሉታል፤ የገደል ማሚቶ እንደማለት ነው። ከአራቱ የቻይና ቃላት ይልቅ ይህኛው ለእማማ ጉንዳን ይቀርባል።

በዚያው ዘመን ናጋሳኪ ወደብ ላይ ለደች ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቪለም ቴን ራይነ ያየውን በላቲን ጽፎ በ1683 ለንደን ላይ አሳተመ። «አኩፓንክቸር» የሚለው ስም ከእሱ የመጣ ነው፤ በመርፌ መውጋት ማለት ብቻ ነው። ማሚቶው ወደብ ላይ ቀረ። ዛሬም ታማሚው «መርፌ» ሲባል መወጋቱን ብቻ ፈርቶ የሚመጣው ከዚህ ስም ይመስለኛል።

በቻይና ራሱ ነገሩ ክፉ ቀን አይቷል፤ በ1822 ከንጉሠ ነገሥቱ የሕክምና ተቋም ተባሮ ነበር። ወደ ዓለም ወሬ የመለሰው የኒው ዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን ነው። ሐምሌ 1971 ቤጂንግ ላይ ትርፍ አንጀቱ ታመመ። ብዙ ሰው በመርፌ ደንዝዞ የተቀደደ ይመስለዋል፤ ውሸት ነው፣ የደነዘዘው በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው። መርፌው የመጣው በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲያስቸግረው ነው፤ ቀኝ ክርኑ ላይና ከጉልበቱ በታች። ሕመሙ በእጅ በእግሩ እንደ ማዕበል መሮጡን፣ ቢያንስ ሐሳቡን ከሆዱ ላይ ማንሳቱን ጻፈ። ጋዜጠኛ ሆኖ እንኳ ለስሜቱ ያገኘው ስም «ሕመም» ነው። ደብተሬ ውስጥ ግን «አመመኝ» ያለ ከስንት አንድ ነው።

የዘመኑ ሳይንስም ገብቶበታል። ተመራማሪዋ ሄለን ላንዠቫን በ2001 ባሳተመችው ጥናት፣ መርፌው በአንድ አቅጣጫ ሲሾር ነቅሎ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ካልተሾረው 167 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ከቆዳ ሥር ያለው ስስ ሕብረ ሕዋስ፣ ድር እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም፣ መርፌው ላይ ስለሚጠመጠም ነው። ያ የዓሣ ምሳሌ ዝም ብሎ ቅኔ አልነበረም። ግን ጀርመኖች በ1998 ጫፉ ወደ ውስጥ የሚሸሸግ፣ ቆዳ የማይበሳ መርፌ በ60 ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር፤ በእውነተኛው 34ቱ «ደ ቺ» ሲሰማቸው በሐሰተኛው ደግሞ 13ቱ ተሰማቸው። አሥራ ሦስቱን ዋሽተዋል አልልም። ሰው «አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰውነቱን ይፈትሻል፤ የፈተሸ ደግሞ ባዶ እጁን ላይመለስ ይችላል።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። ቻይናዎች የተራበ፣ የደከመ፣ የሰከረ ሰው መርፌ አይሰካበት ይላሉ፤ «ዩን ጀን» የሚሉት የመርፌ ማዞር አለ። ዐቢይ ጾም ነበር። አንድ ጎልማሳ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም፤ እኔም «በልተዋል ወይ?» ማለት ረሳሁ። ሁለተኛው መርፌ ሲገባ «ዓይኔን ጋረደኝ» አሉ፤ ግንባራቸው ላብ አቸፈቸፈ። ዶክተሯ መርፌዎቹን ነቅላ፣ ትራሱን ከራሳቸው ሥር አውጥታ ከእግራቸው ሥር ከተተች። ሲነቁ ጣፋጭ ሻይ ብናቀርብ «ሰዓቱ አልደረሰም» ብለው እምቢ አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጿሚ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲቀጠር ተደረገ።

ዶክተሯ ወደ አገሯ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት እኔም እጄን ሰጠኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጉንዳን ሳሻግር አንድ ቀን አልተሰካብኝም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መሃል ሰክታ አሾረችው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሥጋው ሥር አንድ ነገር ነከሰ፤ ክብድ ብሎ ወደ ሌባ ጣቴ ዘለቀ።

«አለ?»

«ጠረሰኝ!» አልኩ በአማርኛ።

ፊቴን ትታ ዘወር አለችና፣ አስተርጓሚው ይቆምበት የነበረውን ቦታ ማየት ጀመረች።