የሬክተም ካንሰር ቀዶ ሕክምና ጥራት ታሪክ፦ ከባሲንግስቶክ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

የቀዶ ሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በግኝቶች ቅደም ተከተል ነው፤ ማደንዘዣ፣ ከተሕዋስያን የጸዳ አሠራር፣ ደም መስጠት፣ አንቲባዮቲክ እየተባለ ይቀጥላል። የሬክተም፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ካንሰር ሕክምና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያሳየው መሻሻል ግን ከዚህ አተራረክ ይለያል። ለውጡን በመጀመሪያ ያመጣው አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የአቆራረጥ ጥንቃቄና የውጤት ቆጠራ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማይልስ በኋላ የቀረው ችግር

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ማይልስ በሆድና በመቀመጫ በኩል ገብቶ ሬክተምን ከነፊንጢጣው የማውጣትን ዘዴ በ1908 በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። ዘዴው ለብዙ አሥርት ዓመታት መመዘኛ ሆኖ ቆየ። ሕመምተኛው በሕይወት ቢተርፍም ዕድሜውን ሙሉ ሰገራው በሆዱ ግድግዳ በተከፈተ ቀዳዳ ይወጣ ነበር። ቆየት ብሎ ፊንጢጣን ሳይነኩ አንጀትን መልሶ የማጋጠም ዘዴ ተስፋፋ፤ የስፌት መሣሪያዎች ሲመጡም ዝቅ ብሎ ማጋጠም ተቻለ።

ይሁን እንጂ ካንሰሩ በዳሌ ውስጥ መልሶ ማገርሸቱ አልቀረም። ለምሳሌ በኖርዌይ ከ1986 እስከ 1988 ከታከሙት መካከል 28 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው በዚያው ቦታ ተመልሷል። በዳሌ ውስጥ የሚያገረሽ ካንሰር ነርቭንና አጥንትን ስለሚወር ሥቃዩ ከባድ ነው፤ የሽንት ቱቦን ይዘጋል፤ እንደገና ቀዶ ማውጣትም አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። በዘመኑ የብዙዎች አስተያየት ይህ የካንሰሩ የራሱ ጠባይ ነው የሚል ነበር። ጥፋቱ የበሽታው ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ስለ እጁ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖርም።

የሂልድ ሐሳብ

በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው የባሲንግስቶክ ከተማ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የአንጀት ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ሂልድ፣ በተለምዶ ቢል ሂልድ፣ ይህን አስተያየት አልተቀበሉም። የተነሡት ከጽንስ አፈጣጠር ነው። ሬክተምና በዙሪያው ያለው፣ የደም ሥሮችንና የሊምፍ ዕጢዎችን የያዘው ስብ፣ አንድ ላይ የሚያድጉ የአንድ አካል ክፍሎች ናቸው። ይህ ስብ ሜዞሬክተም ይባላል። በእርሱና በዳሌ ግድግዳ መካከል ደም ሥር የሌለበት ስስ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ተከትለው ቢቆርጡ ዕጢው ከነመጠቅለያው ይወጣል። በተለመደው አሠራር ግን ሐኪሙ እጁን ወደ ዳሌ አስገብቶ ሳያይ በጣቶቹ ይፈለቅቅ ስለነበር መጠቅለያው ይቀደዳል፤ ከፊሉም በዳሌ ውስጥ ይቀራል።

ሂልድና ባልደረቦቻቸው በ1982 ባወጡት ጽሑፍ ከሚታየው ዕጢ ታችኛ ጠርዝ ብዙ ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ በሜዞሬክተም ውስጥ ጥቃቅን የካንሰር ቅንጣቶች መገኘታቸውን አመለከቱ። ስለዚህ ሜዞሬክተሙ በሙሉ፣ በዓይን እየታየ፣ በስለት ተለይቶ መውጣት አለበት አሉ። ይህ አሠራር የሽንት ፊኛንና የወሲብን ተግባር የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ለይቶ ለማዳንም ረዳ።

በ1986 ሂልድና ራያል የ115 ሕሙማንን ውጤት ሲያቀርቡ በአምስት ዓመት ውስጥ በቦታው ያገረሸው 3.7 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በሊድስ ፊል ኩርክና ባልደረቦቻቸው የወጣውን አንጀት አግድም እየቆራረጡ መረመሩ። ከ52 ናሙናዎች በ14ቱ ካንሰሩ እስከ ጎን ጠርዝ ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህም በ12ቱ በሽታው በዳሌ ውስጥ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ናሙናው የበሽታው ብቻ ሳይሆን የቀዶ ሕክምናው ጥራትም ምስክር ሆነ።

የሐኪሞች ልዩነት

በ1991 ማክአርድልና ሆል በግላስጎው 13 ሐኪሞች ያከሟቸውን 645 የአንጀት ካንሰር ሕሙማን ውጤት ይፋ አደረጉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሞቱት እንደ ሐኪሙ ከ8 እስከ 30 በመቶ ይለያዩ ነበር። በሽታው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ከተባሉት መካከል የአንጀት መጋጠሚያው ያፈሰሰባቸው ከዜሮ እስከ 25 በመቶ፣ አሥር ዓመት የኖሩት ደግሞ ከ20 እስከ 63 በመቶ ነበሩ። ሕመምተኛው ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ አያውቅም፤ ዕጣው ግን በዚያ ይወሰን ነበር።

የዘዴው ዋጋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ሁሉ አዲሱ ዘዴም የራሱን ጉዳት ማሳየት ነበረበት። ዝቅ ብሎ የተጋጠመ አንጀት በቀላሉ ይፈሳል። የባሲንግስቶክ ሐኪሞች ራሳቸው በ1994 ከ219 ሕሙማን በ24ቱ ላይ ከባድ የመጋጠሚያ መፍሰስ መድረሱን አሳተሙ። መፍትሔው ሰገራን ለጊዜው በሆድ በኩል በማስወጣት መጋጠሚያውን ማሳረፍ ነበር። በ2007 የታተመ የስዊድን ጥናት ይህን በ234 ሕሙማን ላይ ፈትኖ፣ መፍሰሱ ጊዜያዊ ቀዳዳ በተደረገላቸው 10.3 በመቶ፣ ባልተደረገላቸው ግን 28 በመቶ መሆኑን አረጋገጠ። ካንሰሩን በሚገባ ማውጣትና የሕመምተኛውን ደኅንነት መጠበቅ አብረው ሊታሰቡ እንደሚገባ ይህ ያስተምራል።

ከአንድ እጅ ወደ ብዙ እጆች

የአንድ ሐኪም ጥሩ ውጤት ታሪክ የሚሆነው ሌሎች ሲደግሙት ነው። ሂልድ ወደ ስቶክሆልም ተጋብዘው ከ1994 ጀምሮ ቀዶ ሕክምና እያካሄዱ በቪዲዮ አስተማሩ፤ በዚያም ቀድሞ 15 በመቶ አካባቢ የነበረው ማገርሸት ወደ 6 በመቶ ወረደ። ኖርዌይ በ1993 ብሔራዊ መዝገብ አቋቋመች፤ እያንዳንዱ ሆስፒታልም የራሱን ውጤት ከሀገሪቱ አማካይ ጋር እንዲያነጻጽር አደረገች። በዘዴው የተሠራላቸው ሕሙማን በ1994 ከነበሩበት 78 በመቶ በ1997 ወደ 92 በመቶ ከፍ አሉ። በኔዘርላንድ ደግሞ የጨረር ሕክምናን ጥቅም ለመፈተን ከ1996 እስከ 1999 የተካሄደው ጥናት አስቀድሞ ቀዶ ሐኪሞቹን በአሠልጣኝ ሥር አሠለጠነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገረሸው ቀዶ ሕክምና ብቻ ባገኙት 8.2፣ ጨረር በተጨመረላቸው 2.4 በመቶ ነበር። ጨረር በእርግጥ ይረዳል፤ የእርዳታው መጠን በትክክል የታወቀው ግን የቀዶ ሕክምናው ጥራት ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ ከ2016 ጀምሮ የቀዶ ሕክምናን ደኅንነትና ተደራሽነት ለማሻሻል ብሔራዊ መርሐ ግብር ይዛ ተንቀሳቅሳለች። በሀገራችን የአንጀት ቀዶ ሕክምና ሲነሣ ከካንሰር ይልቅ የአንጀት መጠምዘዝና መዘጋት ቀድሞ ይታሰብ ይሆናል፤ ነገር ግን ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ፍሬ ነገሩ በበሽታው ዓይነት አይወሰንም። መዝገብ መያዝ፣ የወጣውን አካል ከፓቶሎጂስቱ ጋር መመልከት፣ የሥራ ባልደረባ በቀዶ ክፍል ተገኝቶ እንዲታዘብ መፍቀድ፣ መጥፎውንም ውጤት ጭምር መቁጠር ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሐኪሙ «በሽታው ነው» ከማለቱ በፊት «እጄስ?» ብሎ መጠየቁን ነው። የባሲንግስቶክ ሥራ በሌሎች ሀገሮች ፍሬ ያፈራው ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰው ትጋት አልፎ የሆስፒታሎች የዘወትር አሠራር በሆነበት ጊዜ ነው።