ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ የሚሰጡ ቀለል ያሉ ሕክምናዎች

የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ የሚታይ፣ ካንሰር ያልሆነ የዕጢ ማደግ ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ያቀፈ ዕጢ ስለሆነ ሲያድግ ቧንቧውን ያጠብበዋል። በዚህም ሽንት ይቀጥናል፣ ለመጀመር ያስቸግራል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣል፤ ሲከፋም ጭራሽ ይዘጋል።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ታምሱሎሲንና ፊናስቴራይድ ባሉ መድኃኒቶች ይጀመራል። እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ለረጅም ዘመን ዋናው አማራጭ በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ ዕጢውን ከውስጥ እየቆራረጡ ማውጣት ነበር። ይህ ቀዶ ሕክምና ቱርፕ ይባላል፤ ዛሬም የሌሎቹ መለኪያ ነው። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ሆስፒታል መተኛት ይጠይቃል፣ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ በአብዛኞቹ ታካሚዎችም የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ቀለል ያሉት ዘዴዎች የተፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው።

በእንፋሎት የሚሰጠው ሬዙም በአሜሪካ የተፈቀደው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በቀጭን መርፌ 103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ እንፋሎት ለ9 ሰከንድ ያህል ወደ ዕጢው ይገባል። እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት ሴሎቹን ይገድላል፤ የሞተውን ሥጋ ሰውነት በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ያስወግደዋል። ዕጢው መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ስለሚያብጥ ለጥቂት ቀናት ካቴተር ያስፈልጋል። ታካሚው ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው ሕክምናው የከሸፈ ሊመስለው ይችላል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ዩሮሊፍት ግን አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። ትንንሽ የብረት ማያያዣዎች ዕጢውን እንደ መጋረጃ ወደ ጎንና ጎን ስበው ይይዙታል። እፎይታው ፈጣን ነው፣ የዘር ፈሳሽንም አይነካም፤ ነገር ግን ከቱርፕ ያነሰ ለውጥ ያመጣል፣ በጣም ለተለቀ ዕጢም አይሆንም።

ሦስተኛው ዘዴ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ የደም ቧንቧ ገብቶ ወደ ፕሮስቴት የሚሄደውን ደም በደቃቅ እንክብሎች መዝጋት ነው። ደም ሲያጣ ዕጢው ይኮማተራል። ለትልልቅ ዕጢዎችና ሙሉ ማደንዘዣ ለማይችሉ አረጋውያን ይጠቅማል፤ ሆኖም በዕድሜ የጠነከረ የደም ቧንቧ ሥራውን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ሦስቱም ሥጋ አውጥተው ለላቦራቶሪ ስለማይሰጡ የተደበቀ ካንሰር አይገኝባቸውም። ስለዚህ የፒኤስኤ የደም ምርመራና የሐኪም ፍተሻ ይቀድማሉ። የሽንት መታጎር ኩላሊትን መጉዳት ከጀመረ ወይም በፊኛ ውስጥ ጠጠር ከተፈጠረ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምናው ይመለሳሉ።