መስታወቱና ከመስታወቱ በስተጀርባ ያለው
የስማርት ስልክ ማሳያዎችና ሥርዓተ ክወናዎች ፉክክር አጭር ታሪክ

ሁለት ስልኮችን ለማነጻጸር ወደ መደብር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው የሚያበራውን ገጽ ነው። ስፋቱን በኢንች ይጠይቃል፤ የነጠብጣቦቹን ብዛት ያመዛዝናል፤ ስለ ቀለሙ ድምቀት ዓይኑ ራሱ ይፈርዳል። ከዚያ ገጽ በስተጀርባ ሆኖ ጣት ሲነካው የሚታዘዘው፣ ፊደል ሲጻፍበት የሚቀበለው፣ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለት ሥርዓተ ክወናው፣ ግን አይታይም። ስለዚህም ንጽጽሩ አብዛኛውን ጊዜ በሚታየው ተጀምሮ በሚታየው ያልቃል።

ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ታሪክ ግን የሚያስረዳው ሌላ ነው። በዚህ ፉክክር ውስጥ እጅግ የጠራ ማሳያ ያቀረቡ ኩባንያዎች ተሸንፈው ከገበያ ወጥተዋል። በፍርድ ቤት የተካሰሱ ተቀናቃኞች ደግሞ አንዱ የሌላውን ማሳያ እየገዛ ሠርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ መግለጽና ጉዳዩ በግእዝ ፊደል ለሚጽፈው ሕዝብ የነበረውን ትርጉም ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቁልፍና የብዕር ዘመን

በጣት የሚነካ ማሳያ ሐሳብ ስማርት ስልክን በብዙ ዓመታት ይቀድማል። እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን በማልቨርን በነበረው የንጉሣዊ ራዳር ምርምር ተቋም ሲሠራ፣ በ1965 ይህን የመሰለ ማሳያ ለኮምፒውተር እንደሚያገለግል በጽሑፍ አስተዋውቆ ነበር። ሐሳቡ በስልክ ላይ ለሽያጭ የበቃው ግን አይቢኤም ሳይመን የተባለውን መሣሪያ ባቀረበበት በ1994 ነው። ሳይመን ስልክም፣ የቀን መቁጠሪያም፣ የፋክስና የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መላኪያም ነበር፤ ማሳያው ግን ቀለም አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት የበላይነቱን የያዙት ቁልፍ ያላቸው ስልኮች ናቸው። ኖኪያ በ1996 እንደ መጽሐፍ የሚከፈተውን ኮሙኒኬተር አወጣ። በ1998 ሳይዎን፣ ኖኪያ፣ ኤሪክሰንና ሞቶሮላ ለስልኮቻቸው የጋራ ሥርዓተ ክወና የሚያዘጋጅ ሲምቢያን የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። በ1999 ደግሞ የካናዳው ሪሰርች ኢን ሞሽን ለሥራ ደብዳቤ ልውውጥ የታሰበውን ብላክቤሪ ለገበያ አበቃ። በ2007 በዓለም ላይ ከተሸጡት ስማርት ስልኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሲምቢያን የሚሠሩ ነበሩ።

በዚያ ዘመን የንክኪ ማሳያ ያላቸው ስልኮችም ነበሩ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚሠሩት በግፊት ነበር። ሁለት ስስ ንጣፎች በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይዘው ይደራረባሉ፤ በብዕር ወይም በጥፍር ሲጫኑ ይገናኙና የተነካው ቦታ ይታወቃል። አሠራሩ ርካሽ ቢሆንም የላይኛው ንጣፍ የሚታጠፍ ፕላስቲክ በመሆኑ ይቧጠጣል፣ ብርሃንን ያደበዝዛል፤ ሁለት ጣቶች በአንድ ጊዜ ቢያርፉበትም በተለመደው አሠራሩ ለይቶ አያውቃቸውም።

ቁልፉ ሥዕል የሆነበት ዓመት

ጥር 9 ቀን 2007 የአፕል ኩባንያ በሳን ፍራንሲስኮ አይፎንን አስተዋወቀ። ማሳያው 3.5 ኢንች ሲሆን 320 በ480 ነጠብጣቦች ነበሩት። አዲስ ነገሩ በቁጥሩ ላይ አልነበረም። ማሳያው ጣት የሚያስከትለውን የኤሌክትሪክ ለውጥ እንጂ ግፊትን ስለማይጠብቅ ገጹ ጠንካራ መስታወት ሊሆን ቻለ፤ ብዙ ጣቶችንም በአንድ ጊዜ ለየ። ከሁሉ በላይ ግን የፊደል ቁልፎቹ ከስልኩ አካል ላይ ተነሥተው በመስታወቱ ላይ የሚሣሉ ሥዕሎች ሆኑ። ቁልፍ በፋብሪካ ከተቀረጸ በኋላ አይለወጥም፤ ሥዕል ግን በፕሮግራም ይለወጣል። በዚህም ምክንያት የፊደል ገበታ ጉዳይ ከብረትና ከፕላስቲክ ወጥቶ ወደ ሥርዓተ ክወናው ሥልጣን ገባ።

የተቀናቃኙ ወገን ምላሽ ፈጣን ነበር። በ2003 በካሊፎርኒያ የተመሠረተውንና በ2005 ጉግል የገዛውን አንድሮይድን መሠረት በማድረግ 34 ኩባንያዎች በኅዳር 2007 ማኅበር መሥርተው ሥርዓተ ክወናውን ለማንኛውም ስልክ ሠሪ ክፍት እንደሚያደርጉ አስታወቁ። በጥቅምት 2008 የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ከማሳያው ሥር የሚንሸራተት የቁልፍ ሰሌዳ ነበረው። በሚያዝያ 2009 የወጣው የአንድሮይድ 1.5 እትም ግን በመስታወት ላይ የሚሣል የፊደል ገበታ አመጣ፤ ይህንኑም ገበታ ማንኛውም የውጭ ባለሙያ በራሱ ሥራ እንዲተካው ፈቀደ። በጊዜው ብዙም ያልተወራለት ይህ ፈቃድ በኋላ ትልቅ ውጤት ነበረው።

የ2010 ንጽጽር

የማሳያዎች ፉክክር በግልጽ የታየው በ2010 የበጋ ወራት ነው። በሰኔ የወጣው አይፎን 4 በ3.5 ኢንች ገጽ ላይ 960 በ640 ነጠብጣቦች ይዞ ቀረበ፤ ይህም በአንድ ኢንች 326 ነጠብጣብ ማለት ነው። ስቲቭ ጆብስ ስልክ ከ10 እስከ 12 ኢንች ርቆ ሲያዝ ከ300 በላይ የሆነውን ጥግግት የሰው ዓይን ነጥሎ ሊያየው እንደማይችል ተናገረ፤ የማሳያ ሊቃውንት በአባባሉ ላይ ተከራከሩበት። በዚያው ወር ሳምሰንግ ያወጣው ጋላክሲ ኤስ 4 ኢንች ስፋት ሲኖረው ነጠብጣቦቹ 480 በ800 ብቻ፣ ጥግግቱም 233 ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለቱ በቁጥር ብቻ የሚመዛዘኑ አልነበሩም። የአይፎኑ ማሳያ ኤልሲዲ ነው። በዚህ አሠራር ከበስተኋላ ያለማቋረጥ የሚበራ መብራት አለ፤ ፈሳሽ ክሪስታል የተባለው ንጥረ ነገር እንደ መጋረጃ ሆኖ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ያግዳል። መጋረጃው ፈጽሞ ስለማይዘጋ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። የጋላክሲው ማሳያ ግን የኦሌድ ወገን ነው። ታንግና ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ተመራማሪዎች በ1987 ባሳተሙት ሥራ መንገዱን የከፈቱለት ይህ አሠራር የኋላ መብራት አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ በራሱ ይበራል፣ ጥቁር ሲፈለግም ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ ሥዕል በኦሌድ ላይ ደምቆ ይታይ ነበር። በሌላ በኩል በጋላክሲው ላይ ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ የደረሱት ሦስት ሳይሆኑ ሁለት ንዑሳን ነጠብጣቦች ስለ ነበሩ የጥቃቅን ፊደላት ጠርዝ ይሻክር ነበር። የሚያበራው ንጥረ ነገርም በተለይ ሰማያዊው በጊዜ ብዛት ይደክማል። እንግዲህ ፎቶግራፍ ለሚመለከተው አንደኛው፣ ጽሑፍ ለሚያነበው ሌላው ይሻል ነበር።

መልካም መስታወት ይዞ መሸነፍ

ፍርዱ በማሳያ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ኖኪያ በ2012 ሊያሸንፍ ይገባው ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሉሚያ 920 በአንድ ኢንች 332 ነጠብጣብ ነበረው፤ በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን 5 ደግሞ 326። የሉሚያው ገጽ ጓንት ያጠለቀ እጅ እንኳ ሲነካው ይታዘዝ ነበር። ኖኪያ ግን በየካቲት 2011 ሲምቢያንን ትቶ የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ፎን እንደሚከተል አስታውቆ ነበር፤ ለዚህም ሥርዓት የሚጽፉ ባለሙያዎች ጥቂት ነበሩ። ለምሳሌ በ2010 በአይፎን፣ በሚያዝያ 2012 በአንድሮይድ የገባው ኢንስታግራም በዊንዶውስ ፎን ላይ የታየው በኅዳር 2013 ነው። ተጠቃሚው መተግበሪያ ስላጣ ስልኩን አልገዛም፤ የመተግበሪያው ጸሐፊም ተጠቃሚ ስላጣ አልጻፈም። ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል በሚያዝያ 2014 ቢረከብም ይህን አዙሪት ሊሰብረው አልቻለም። የመጨረሻው የስልክ ዊንዶውስ ድጋፍ በጥር 2020 ተቋረጠ፤ ጥር 4 ቀን 2022 ደግሞ የብላክቤሪ የቀድሞው ሥርዓት አገልግሎት ተዘጋ።

በቀሩት በሁለቱ ወገኖች መካከል የማሳያው ልዩነት እየጠበበ ሄደ። በነሐሴ 2012 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ዳኞች ሳምሰንግ ለአፕል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰኑ፤ ሙግቱ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በ2018 በስምምነት ተዘጋ። ክርክሩ ገና ሳያልቅ በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ ግን የኦሌድ ማሳያ ሲይዝ፣ ማሳያውን የሠራው የሳምሰንግ እኅት ኩባንያ ነበር። መስታወት የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ሥርዓተ ክወናው ግን እንዲህ አልነበረም። በ2019 የአሜሪካ መንግሥት በሁዋዌ ላይ ገደብ በጣለ ጊዜ ኩባንያው ማሳያ አላጣም፤ ያጣው ለአዳዲስ ስልኮቹ የጉግልን አገልግሎቶች የመጠቀም መብት ነው። በዚያው ዓመት የራሱን ሥርዓተ ክወና ይፋ ማድረጉም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የግእዝ ፊደል በዚህ ፉክክር ውስጥ

በአሥራ ሁለት ቁልፎች ላይ ሃያ ስድስት የላቲን ፊደላት በመደራረብ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ከነዝርያቸው ከ200 በላይ የሆኑት የግእዝ ፊደላት ግን በዚያ ጠባብ ስፍራ በቀላሉ አይገቡም። ፊደሉ በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ በመካተቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ቁጥር አግኝቶ ነበር፤ ቁጥር ማግኘትና በስልክ ላይ መጻፍ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለብዙ ዓመታት አማርኛ ተናጋሪው የስልክ መልእክቱን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ኖረ። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው ቀርቶ በ«ተ» እና በ«ጠ» መካከል ያለው ልዩነት እንኳ በጸሐፊው ልማድ ላይ የወደቀ ሆነ። በላቲን ፊደል 160 ምልክት የሚይዘው አንድ አጭር መልእክት በግእዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ መሆኑም ሌላ እንቅፋት ነበር።

ቁልፉ ሥዕል ከሆነ በኋላ ይህ እንቅፋት በመሠረቱ ተነሣ፤ ቀሪው ጥያቄ ገበታውን ማን ይሠራዋል፣ ማንስ ይፈቅዳል የሚለው ሆነ። በአንድሮይድ ላይ ከ2009 ጀምሮ ፈቃዱ ለማንም ክፍት ስለ ነበረ የአማርኛ ገበታ ለመሥራት ችሎታ ይበቃ ነበር። አፕል ተመሳሳዩን ፈቃድ ለውጭ ባለሙያዎች የሰጠው በ2014 በወጣው በአይኦኤስ 8 ነው። ሆኖም ክፍትነት ብቻውን አልበቃም። በመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ዓመታት ብዙ ስልኮች የግእዝ ፊደል ቅርጽ በውስጣቸው ስላልነበረ ገበታውን ጭኖ የጻፈ ሰው በቃላቱ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይታዩት ነበር። ሥርዓተ ክወናው ራሱ ፊደሉን ይዞ መምጣት ነበረበት፤ ኋላም ይዞ መጣ።

ማሳያውም ቢሆን ድርሻው ቀላል አይደለም። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት ትንሿ ሰረዝ ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ወይም ከግርጌው ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። 2 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል በአንድ ኢንች 163 ነጠብጣብ ባለው ማሳያ ላይ በቁመቱ የሚደርሰው 13 ያህል ነጠብጣብ ነው፤ በ326 ጥግግት ግን 26 ገደማ ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ላይ ሰረዟ ከእግሩ ጋር ትደባለቃለች፤ በሁለተኛው ላይ ቦታዋ ይታወቃል። ለላቲን አንባቢ ከቅንጦት ሊቆጠር የሚችለው ጥራት ለግእዝ አንባቢ ቃልን ከቃል የሚለይ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ ለባለሙያው የሚተርፈው የንጽጽር ሚዛን ነው። ማሳያ በዓይን ይፈተናል፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላም ተቀናቃኙ ይደርስበታል ወይም ይገዛዋል። ሥርዓተ ክወና ግን የሚፈተነው በጥያቄ ነው፦ ፊደሉን ይዟል ወይ? የጎደለውን ሌላ ሰው እንዲጨምርበት ይፈቅዳል ወይ? ለስንት ዓመት ይታደሳል? ለመሥሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕክምና ጣቢያ መሣሪያ እንዲመርጥ የሚጠየቅ ባለሙያ ከኢንቹና ከነጠብጣቡ ሠንጠረዥ ጎን እነዚህን ጥያቄዎች ሊያሰፍር ይገባዋል። የሉሚያው መስታወት ዛሬም ቢበራ የጠራ ነው፤ በላዩ የሚጻፍለት ፕሮግራም ግን የለም።